ከጅሩ ሰንጋ ጋር የማን ወይን?

ባለፈው ጥር ደነባ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። በክብር ጠረጴዛው ላይ «የጣሊያን ነው» የተባለ ቀይ ወይን ተደርድሯል። ጠላው ግን ከዳሱ ጀርባ፣ ለባላገሩ ብቻ ይቀዳል። «እትዬ፣ ለእኔም ከዚያ ይቅዱልኝ» ብላቸው ጠማቂዋ እናት አፈሩ፤ «ተው ልጄ፣ አንተን የመሰለ የከተማ ሰው ጠላ ይጠጣል?» አሉኝ። ሙግቴ ከዚህች ቃል ይጀምራል።

እንዲያው «የጣሊያን ወይን» ብሎ ነገር የት አለ? ጣሊያኖች ዘንድ ያለው የፒየሞንቴ፣ የቶስካና፣ የኤሚሊያ ወይን ነው። የፒየሞንቴው ባሮሎ ኔቢዮሎ ከተባለ የወይን ፍሬ ይጠመቃል፤ ቢያንስ 38 ወር ሳያርፍ እንዳይሸጥ ሕግ ያግደዋል። ምላስ የሚያኮማትር ኃይለኛ ነውና ለብዙ ሰዓት በዝግታ ለበሰለ የበሬ ሥጋ ይሰጣል። የኤሚሊያው ላምብሩስኮ ደግሞ ቀይ ሆኖ አረፋ ያወጣል፣ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ ስብ የሚበዛበትን የአገሩን የአሳማ ሥጋ ከላንቃ ያጥባል። የቶስካናው ኪያንቲ ወሰኑ በ1716 እ.ኤ.አ. በመስፍኑ አዋጅ ተከልሏል። ፍሎሬንሳውያን ከእርሱ ጋር የሚበሉት ወፍራም ጥብስ በልማድ ከኪያኒና፣ ከዚያው ከቶስካና ነጭ በሬ የሚቆረጥ ነው። ወይኑና በሬው ጎረቤታሞች ናቸው!

እኛስ? የጅሩ ሰንጋ ጎረቤታችን ነው፤ ገብሱም ከደጃችን ይታጨዳል። የሰባ ቁርጥ በአፍ ውስጥ ሲረጋ የጌሾው ምሬት ያነሣዋል፤ ላምብሩስኮ በኤሚሊያ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የዶሮ ወጡን ቃጠሎ የጠጁ ጣፋጭነት ያበርደዋል። ያ ደረቅ ቀይ ወይን ግን ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ ራሱም ይመርራል። እንግዶቹ ፊታቸውን ሲያጨማድዱ አይቻለሁ፤ «ግሩም ነው» ሲሉም ሰምቻለሁ።

ወይን ጠል አይደለሁም። ጉደርን ከጥብስ ጋር ደስ ብሎኝ ጠጥቻለሁ። የጠላሁት ጋኑን ከዳሱ ጀርባ የደበቀውን እፍረት ነው። አያቶቻችን ጣሊያንን በዱር በገደል በተዋጉበት አገር፣ ጠርሙሱን ወስደን ትምህርቱን ተውነው። ደጋሽ ሆይ፣ ጋኑን ወደ ፊት አምጣው!

እኒያ እናት አሻሮውን መቼ ከምጣድ እንደሚያወርዱ በሽታው ያውቃሉ። ልጃቸውን ጠየቅኋት፤ አታውቅም። የክብር ጠረጴዛውን ብርጭቆዎች እየወለወለች ነበር።