የገንዘብ ተቀባይዋ ተያዥ

የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ገንዘብ ተቀባይ ሲፈልጉ የሚያወጡት ማስታወቂያ የትምህርት ደረጃው ቢለያይ፣ የሥራ ልምዱ ቢለያይ፣ መጨረሻው ላይ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የምትችል» የምትለዋ ሐረግ ብዙ ጊዜ አትቀርም። ቃለ መጠይቁ አጭር ነው። የት ሠራሽ፣ ለምን ለቀቅሽ፣ በፈረቃ መግባት ትችያለሽ ከተባለ በኋላ ነገሩ የሚቆረጠው ተያዡ ላይ ነው። እሱም ቋሚ ሥራ ያለው፣ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ፣ አብዛኛውን ጊዜም ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ዘመድ ያላት ትቀጠራለች። ከክፍለ ሀገር በቅርቡ የመጣች፣ ሒሳብ ላይ ፈጣን፣ ከደንበኛ ጋር ተግባቢ የሆነች ልጅ ግን ከተማው ውስጥ የሚፈርምላት ስለሌለ ብቻ ትመለሳለች። መደብሩ በዚህ መንገድ የሚለካው የአመልካቿን ዘመዶች ነው፤ ይህ አሠራር መቅረት አለበት።

ዋስትና የኖረ ባህላችን ነው፣ እቁብም ዋስ ይጠይቃል የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እቁብ ዋስ የሚጠይቀው ግን ዕጣ ወጥቶለት የሌሎቹን ብር አስቀድሞ የሚወስደውን ሰው ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ምን ወሰደች? ወሩን ሙሉ ሠርታ የምትከፈለው መጨረሻ ላይ ስለሆነ አበዳሪዋ እንዲያውም እሷ ናት፤ መደብሩ ለዚያ የወር ጉልበት ዋስ ጥራ አልተባለም። የገንዘቡ መሳቢያ በእጇ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በቀኑ መጨረሻ የሚያወጣው ዜድ ሪፖርት ከጥሬ ገንዘቡ፣ ከካርዱና ከቴሌብር ክፍያው ጋር ከተመሳከረ ጉድለት ሳያድር ይታወቃል። አንድ መሳቢያ ለአንድ ሰው ብቻ ከተሰጠና ፈረቃ ሲቀየር አስረካቢዋና ተረካቢዋ ባሉበት ከተቆጠረ ደግሞ የማን እንደሆነም ይለያል። ጭቅጭቅ የሚበዛው ሁለት ሦስት ሰው በአንድ መሳቢያ ሲሠራና ጉድለቱ ከሁሉም ደመወዝ ላይ ሲቆረጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይ መቁረጥን እንደሚከለክል የሚያስታውስ ሥራ አስኪያጅ ስንት ይሆን? ሌሎቹ የመደብሩ ኪሳራዎች፣ መደርደሪያ ላይ ጊዜው ያለፈበት እርጎና ሲራገፍ ያልተቆጠረ ካርቶንማ ከናካቴው በእሷ መሳቢያ አላለፉም።

የባለመደብሮቹ ከባድ ሙግት ሌላ ነው፤ ሠራተኛዋ ብሩን ይዛ ብትሰወርስ? ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል ይላሉ። ተያዡም የሚከሰሰው ግን እዚያው ፍርድ ቤት ነው። በዚያ ላይ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብቻ የሚል ፎርም እንግዲህ የሚያስፈራራ እንጂ የሚያስከፍል አይደለም። የሚቀረው ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ እንደሚሠራ አልክድም። ግን ይበልጥ የሚይዘው ቀድሞውንም የማትሰርቀውን ነው፤ ለመስረቅ የቆረጠች አጎቷን አታስብም። ገንዘብ የማስመለስ ጉዳይ ከሆነ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሠራተኛ እምነት ሲያጎድል የሚክስ ሽፋን ይሸጣሉ። ዓረቦኑ የንግድ ወጪ ነው፤ እንደ መብራትና ኪራይ ባለመደብሩ ይቻለው።

ታማኝነት በቃለ መጠይቅ አይታወቅም ለሚሉት፣ ልክ ናቸው። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ የፈቀደው አንዱ ለዚሁ ነው፤ በጽሑፍ ከተስማሙ በዚያ ጊዜ ብቁ ያልሆነችን ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያና ያለስንብት ክፍያ ማሰናበት ይቻላል። ልምድ ካላት ጓደኛዋ ጎን ተቀምጣ አንድ የበዓል ዋዜማ ሰልፍ ያስተናገደች ልጅ ስለ ፍጥነቷም ስለ ጠባይዋም አሥር ጥያቄ ከሚነግረው በላይ ታሳያለች። በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ስለተከፈተ፣ ጥሩ ሠራተኛን በዘመድ ወንፊት እያጣሩ መመለስ ከእንግዲህ ለተፎካካሪ እንደመላክ ነው። ተያዥን ዛሬውኑ መተው ያልደፈረ መደብር ቢያንስ የዋስትናውን ጣሪያ በአንድ ፈረቃ ሽያጭ ልክ ይጻፍ፤ የሙከራ ጊዜው ሲያበቃም ደብዳቤውን ለፈራሚው ይመልስ።