ዘይት ማንጠባጠብ ጌጥ አይደለም

የላንድሮቨር ወዳጆች አንድ የማትሞት ቀልድ አለቻቸው፤ «ዘይት ካላንጠባጠበ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው።» ከሥሩ ጥቁር ኩሬ የሠራ አሮጌ መኪና ፎቶ ይለጠፋል፣ ሰው ይስቃል፣ ላይክ ይጎርፋል። ከሞተር ወይም ከካምቢዮ ከሆነ እሺ፣ ይሳቅ። ከመሪው ከሆነ ግን የሚያስቀው ነገር አይታየኝም።

ከ1948 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የተመረቱት ላንድሮቨሮች ስቲሪንግ ቦክስ ዘይት የያዘ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው። ከሳጥኑ የሚወጣ አንድ ዘንግ አለ፤ ጎማዎቹን የሚያዞረው ክንድ የታሰረው እሱ ላይ ነው። ዘይቱም በብዛት የሚያመልጠው በዚሁ ዘንግ ዙሪያ፣ በኦይል ሲሉ በኩል ነው። ኦይል ሲል ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አይበላሽም። ወይ ዘንጉ ዝጎ ሸካራ ሆኗል፣ ወይ የያዘው ቡሽንግ ተበልቶ ዘንጉ ይወዛወዛል። ስለዚህ መፍሰሱ በሽታው ሳይሆን ምልክቱ ነው። አዲስ ሲል ብቻ ገጥሞ የሚሸኝ ጋራዥ ደንበኛውን ከጥቂት ወር በኋላ መልሶ ያገኘዋል (ምናልባት የሚፈልገውም ያንኑ ይሆናል)።

ከዚህ የባሰው «ግራሶ ሙላበት» የሚለው ምክር ነው። በርግጥ ግራሶ አያንጠባጥብም። ግን ወፍራም ግራሶ አንዴ በማርሹ ከተገፋ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ዘይት ነው የሚመለሰው። ከላይ ያለው ኩሽኔታ ይደርቃል፣ ይበላል፣ መሪው ባዶውን መዞር ይጀምራል። «አባቴ ሠላሳ ዓመት በግራሶ ነድቷል» የሚለኝ አይጠፋም። እግዜር ይስጠው፤ ሜዳ ላይ ነው የነዳው?

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ ሜዳ አይደለም። ይህን አገር ቴዎድሮስም ያውቁታል። ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ያደረሱት በወኔ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ መንገድ አስጠርገው ነው። ቁልቁለት ላይ ከመጎተቱ ይልቅ መያዙ ይከብዳላ። መሪው ሩብ ዙር ባዶውን የሚዞር መኪና ኩርባ ላይ ምን እንደሚሆን ለሹፌር አይነገርም፣ ያውቀዋል። የማያውቀው ከኋላ የተጫነው ሰው ነው።

«መለዋወጫ የለም» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሙሉ ሳጥን ማግኘት ይከብዳል። ኦይል ሲል ግን በልክ ነው የሚገዛው፤ የውስጡን፣ የውጩንና የውፍረቱን ሚሊሜትር ለክቶ መሄድ ነው፣ የላንድሮቨር ስም የተጻፈበት ካርቶን አያስፈልገውም። ቡሽንጉን ደህና ቶርኖ ቤት ይሠራዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ብር የማያስወጣ ምርመራ አለ፦ ሳጥኑን አጥቦ ማድረቅ፣ አንድ ሰው መሪውን ሲይዝ ሌላው ክንዱን መነቅነቅ። ዘንጉ ሳጥኑ ውስጥ ከተንቀሳቀሰ ወሬው አለቀ፣ ይፈታ። ለቦሎ ምርመራ ሲባል ሳጥኑን በናፍጣ አጥቦ ማቅረብ ግን ጥገና አይደለም። ማታለል ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ እነዚህ አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ከእኛው ጋር ናቸው። ቶርኖ ፍለጋ ደሴ ድረስ መውጣት የሥራ ቀናት ይበላል፣ አውቃለሁ። ይብላ። መኪናው እስኪጠገን ይቁም።