ሰኞ የሌለው ሳምንት

ደጀን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ሸለቆው የወረደ፣ የሕዳሴን ድልድይ ተሻግሮ ሽቅብ የወጣ መንገደኛ አረፍ የሚልባት የመጀመሪያዋ የጎጃም ከተማ እሷ ናት። አንደኛው መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚለየውም ከእሷ ነው። «መንገድ ተከፈተ»፣ «መንገድ ተዘጋ» የሚለው ወሬ ደጀን ላይ ዜና አይደለም፤ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለ መንገዱ ብዙ ተብሏል። ከመንገዱ ዳር ባሉት ቤቶች ውስጥ አንድ ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍ ግን የሚያወራ የለም። ስለዚህ አንድ ቤት ይታሰብ። እናት እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፤ አባት ሲገኝ የቀን ሥራ ይሠራል። የ13 እና የ9 ዓመት ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ሦስተኛዋ የአባትየው የወንድም ልጅ ናት፤ 15 ዓመቷ ነው፤ የገጠሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ከተማ ይሻላል» ተብሎ የመጣች። ይህ ቤት የማንም የተለየ ቤት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ከተሞች አንዱን በር ያንኳኳ ሰው ከእነዚህ ሦስት ልጆች ቢያንስ አንዱን ያገኛል።

ሰኞ ጠዋት እናት እንደ ልማዷ 12 ሰዓት ላይ ትነሳለች። ድሮ ቢሆን ይህ ሰዓት የግርግር ሰዓት ነበር። «እማ፣ ደብተሬን አየሽው?»፣ «እማ፣ አንዱ ካልሲዬ የለም»፣ «እማ፣ ባንዲራ ሊወጣ ነው፣ ረፈደ!» አሁን ቤቱ ጸጥ ያለ ነው። ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል ሲባል ልጆቹ ይሄዳሉ፤ ተኩስ ሲሰማ ይመለሳሉ፤ ከዚያ ለስንት ጊዜ እንደሚቀሩ የሚነግራቸው የለም። ትንሹ ልጅ አልጋው ላይ እንዳለ «እማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ይላል። እናት ለመመለስ ታስባለች። ወሩ ስንት እንደሆነ አይጠፋትም፤ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23 ነው። የወሩን ቀን ታቦቱ ይይዝላታል። የሳምንቱን ቀን ይይዝላት የነበረው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። እሱ ሲዘጋ ሰኞም ከሐሙስ አልለይ አለ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። ልጅ ነገ እንዳለ የሚያውቀው በሰኞ ነው። የቤት ሥራ ማለት ነገ የሚያየው ሰው አለ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ልጅ በ2016 መስከረም 7 ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ነው። በዚያው ዓመት ዋዜማ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ በአማራ ክልል የተነሳውን ግጭት ተከትሎ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የእሱ የመጀመሪያ መስከረም በዚህ መካከል ቀረ።

ማክሰኞ እናት ሣጥን ትከፍታለች። የታላቁ ልጅ ዩኒፎርም እጁ ላይ አጥሯል፤ ለታናሹ ይሆናል። በድሃ ቤት ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ መውረዱ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ዩኒፎርሙ ምንም አለመነካቱ ነው። ክርኑ አልሳሳም፤ ጉልበቱ አልተጣፈም፤ ኪሱ ላይ የቢክ ቀለም የለም። እናት ልብስ ሳያልቅ ልጅ ሲያልፈው አይታ አታውቅም። ጫፉን ስትሰፋ የምታስበው ስለ ልብሱ አይደለም።

ረቡዕ ማታ አባት ትንሹን ልጅ አጠገቡ ያስቀምጣል። ራሱ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። የማባዛት ሠንጠረዡን ከልቡ ያውቃል፤ እስከዚያ ድረስ ያስተምረዋል። ልጁ ፊደል የለየው ግን በደብተር አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሞ የአይሱዙዎቹን የኋላ ጽሑፍ እያነበበ ነው። «ቀን ያልፋል»ን ያነባል፤ ጻፍ ሲሉት አይችልም። ታላቁ ልጅ ስለ ክፍልፋይ ሲጠይቅ አባት ዝም ይላል። ወላጅ ልጁን ሊያስተምር የሚችልበት ድንበር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ፍቅር ብቻውን አያደርስም።

ሐሙስ ስልክ ይደወላል፤ የልጅቱ አባት ነው። ስለ ቤተሰቡ ደኅንነት፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጤፉ ከተጠያየቁ በኋላ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ሽማግሌ መጥቷል። «ትማራለች ብዬ ነበር የላክኋት። ካልተማረች ምን ትጠብቃለች? ጊዜው ክፉ ነው፤ ሴት ልጅ ይዞ መቀመጥ ያስፈራል» ይላል። እናት ስልኩን ከባሏ ትቀበላለች። «አያ፣ ልጅቱ ገና 15ኛዋ ነው። ትንሽ ይታገሡ» ትለዋለች። ልጅቱ ምጣዱ ጋ ሆና ትሰማለች። በ2015 ስድስተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ ቢሄድላት ኖሮ ዘንድሮ ዘጠነኛ ትሆን ነበር።

ይህ አባት ክፉ ሰው አይደለም። ሕጉ 18 ዓመት እንደሚል አይጠፋውም። «ልጄ ተማሪ ናት» የሚለው ቃል ግን ሽማግሌን በአክብሮት የሚመልስ ቃል ነበር። ቂም አያመጣም፤ ማንንም አያዋርድም። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወላጅ ይህን ቃል ተነጠቀ። በሌላ አገርም የታየው ይኸው ነው። በሴራሊዮን በኢቦላ ወረርሽኝ ምክንያት በ2014 እና በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትምህርት ቤቶች ለወራት ሲዘጉ፣ ሲከፈቱ የብዙ ልጃገረዶች ሆድ ገፍቶ ነበር፤ መንግሥት ደግሞ ነፍሰ ጡሮቹን ከክፍል አገደ። እገዳው የተነሳው በ2020 ነው። የተዘጋው ለወራት፣ የተከፈለው ግን ለዓመታት ነው።

ዓርብ ማታ ታላቁ ልጅ 100 ብር ይዞ ይገባል። መኪና ሲቆም ውኃና ቆሎ ሲሸጥ፣ ጫማ ሲጠርግ ውሎ ነው። እናት ትመርቀዋለች፤ ብሩ ለዘይት ይሆናል። በዚያው ቅጽበት ግን ልቧ ይርዳል። ይህ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2012 ነው፤ በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ። ከዚያ ለሦስት ዓመት እፎይ ብሎ ተማረ፤ ቀጥሎ ይህ መጣ። ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል መሆን ሲገባው እጁ ብር ለምዷል። ትምህርት ቤቱ ነገ ሙሉ በሙሉ ቢከፈት፣ ከ9 ዓመት ልጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያለ ሳንቲም መዋልን ማን ያሳምነዋል? በር የተዘጋበት ልጅ በሩ ሲከፈት ይመለሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው።

ከዚህ ቤት ወጥቶ ክልሉን ላየ ሰው ቁጥሩ ያስደነግጣል። በ2017 በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ የተነገረላቸው ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ናቸው። 4 ሚሊዮን ሲባል ጆሮ ይለምደዋል። አንድ ያልተለበሰ ዩኒፎርም ግን አይለመድም።

በሰላሙ ቀንም ቢሆን ትምህርቱ የሚያኮራ አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። አንድ ቀን ሳይቀር የተማረው ልጅ እንዲህ ከተቸገረ፣ በየወሩ እየተቆራረጠ የተማረውን ምን ይጠብቀዋል? ትግራይም ምሳሌ ናት። በኮሮናና በጦርነቱ ትምህርት ሦስት ዓመት ገደማ ተቋርጦባታል። ጦርነቱ ሲቆም አዳራሹ ተከፈተ፤ ዕድሜ ግን አልቆየም። ብዙዎቹ ወይ አግብተው፣ ወይ ተሰድደው፣ ወይ ሞተው ነበር።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። ድሃ ወላጅ የሚጽናናበት ቃል ነው፤ ማንም ሊነጥቀው አይገባም። ነገር ግን ይህን ቃል ወላጅ ሲለውና ሥልጣን ወይም ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲያስበው አንድ አይደለም። ወላጁ ሲለው ተስፋ ነው፤ ሌላው ሲያስበው ኃላፊነትን መሸሽ ነው። በዕድሉ የሚያድገው ልጅ ቢያንስ ዕድሉን የሚሞክርበት በር ሊኖረው ይገባል። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሕዝብ፣ ልጁ ሳይማር ሲቀር ከዚህ በላይ ምን ይቅጡት?

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ለማንም ካምፕ፣ ለማንም መቅጫ አይሁን። መንግሥት ወታደሩን ከመማሪያ ክፍል ያውጣ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ወታደር ያደረበት ሌሊት፣ ለልጆቹ ብዙ ጠዋት ያስቀራል። በሌላው ወገን ያለው ታጣቂም «ትምህርት ይቆይ» የሚለውን ነገር ይተው፤ የሚታገለው ለዚህ ሕዝብ ከሆነ የሕዝቡ ልጅ ሳይማር የሚገኝ ድል የማን ድል ይሆናል? መምህር በመምህርነቱ አይታገት፣ አይደብደብ፣ አይገደል። ሌላው ሁሉ የሚያከራክር ቢሆን እንኳ በዚህ አንድ ነጥብ መስማማት ፖለቲካ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቢሮው ለተመላሾች መንገድ ያዘጋጅ። የ13 ዓመቱን ልጅ ከ9 ዓመቱ ጋር ማስቀመጥ መልሶ ማባረር ነው። ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት የሚያስጨርስ ትምህርት፣ የዕድሜ እኩዮች ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ልጅ የሚገባበት የጠዋት ፈረቃ ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ተዘግቶ የቆየበት ክልል ነውና «በኦንላይን ይማሩ» ማለት ቀልድ ነው። ሬዲዮ ግን ገጠር ድረስ ይገባል፤ በኮሮና ጊዜ ተሞክሯል፤ አሁንም ይቻላል።

ሦስተኛው የወላጅ ነው፤ እሱም እሑድ ላይ ይታያል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከዚሁ ቤት ሁለት ግቢ ዝቅ ብሎ፣ አንድ መምህር የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያስነብባል። ሰሌዳው የቆርቆሮ በር ነው፤ ጠመኔው አንድ ነው። ወላጆች ገንዘብ የላቸውም፤ አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ጠላ ታቀብላለች። ጎጃም ለዚህ እንግዳ አይደለም። ግድግዳ በሌለበት፣ ዛፍ ሥር፣ የየኔታን ቃል እየሰማ፣ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ የተቀኘ ተማሪ ያፈራ አገር ነው። ያ ተማሪ ዳቦ አጣ እንጂ አስተማሪ አላጣም። እንዲህ ያለው ጉባኤ ትምህርት ቤትን አይተካም፤ ሳይንስ ቤተ ሙከራ፣ ፈተናም ፈታኝ ይፈልጋል። ልጁ ግን ፊደል እንዳይረሳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተማሪነቱን እንዳይረሳ ያደርጋል።

የ15 ዓመቷ ልጅም እዚያ ትቀመጣለች። ለትንንሾቹ ታስነብባለች። መምህሩ «ረዳቴ ናት» ይላታል። በሚቀጥለው ሐሙስ አባቷ ሲደውል እናት የምትለው አላት። «አያ፣ ልጅቱ እየተማረች ነው፤ እንዲያውም ታስተምራለች። ለሽማግሎቹ እንዲሁ ይበሏቸው።»

ይበቃ ይሆን? ለአንድ ሐሙስ ምናልባት። ለዓመት ግን አይበቃም። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ እናት በአንድ ስልክ፣ አንድ መምህር በአንድ ጠመኔ የያዙትን ነገር፣ መንግሥትም ታጣቂም በሙሉ ጉልበታቸው ሊለቁት አይገባም። ነገ ጠዋት ትንሹ ልጅ «እማ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «ሰኞ ነው፤ ተነስ፣ ረፈደ» ብላ መመለስ መብቷ ነው።