ሐኪም ለመሆን ስንሰናዳ

እኛ የአረካ ልጆች ለክረምት ቤት ስንገባ የጎረቤት እናቶች «ምን ትማራላችሁ?» ይሉናል። ገና አንደኛ ዓመት ሳለን «ሐኪም ልንሆን ነው» እንላለን፤ እነርሱም ይመርቁናል።

እንደሚታወቀው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ ተማሪ መጀመሪያ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ውጤቱም ለምደባው ይቆጠራል። ስለዚህ ዝግጅታችን ሁሉ ነጥብ ማሳደድ ሆኗል። ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች እየተቀባበልን ሌሊቱን በሽምደዳ እናነጋለን። ነጥብ አያስፈልግም አላልንም፤ ያለ ነጥብ በሩ አይከፈትም። ግን ከመካከላችን ቁስል ሲታጠብ ቆሞ ያየ ስንቱ ነው? ደም ሲያይ የሚያዞረው ሰው ጠባዩን የሚያውቀው ምደባው ካለቀ በኋላ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ያሠለጥን ነበር። ዛሬ ጤና መኮንንነት ወይም አዋላጅነት የደረሰው ጓደኛችን እንደ ተሸነፈ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እኛም «አይዞህ» እያልን እናጽናናዋለን፣ ሐዘን የደረሰበት ይመስል! በገጠር ምጥ የያዛት ሴት አስቀድማ የምታገኘው አዋላጇን አይደለምን?

መምህራኖቻችን ምደባው በምን እንደሚሰላ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢነግሩን በወሬ ባልተመራን ነበር። እኛም በዚህ ክረምት ኃላፊውን አስፈቅደን በየሰፈራችን ጤና ጣቢያ እናገልግል፤ ካርድ በማውጣት ቢሆን፣ ወይም ሐኪሙ ከሌላ አገር የመጣ እንደሆነ ወላይትኛ ብቻ ለሚናገሩ ሕሙማን በማስተርጎም። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ ደብዳቤውን እኛ እንጽፋለን።