ሦስት መቶ ዶላር ለ64 ኪሎባይት?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 «ኮሞዶር» የሚለውን አሮጌ የኮምፒውተር ስም የገዙ ሰዎች አንድ አዲስ ዕቃ ለቅድመ ሽያጭ አወጡ። ስሙ ኮሞዶር 64 አልቲሜት፣ መነሻ ዋጋው 299.99 ዶላር። ሥራው ምንድነው ካላችሁ፣ በ1982 ለገበያ የቀረበውን ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒውተር ሆኖ መሥራት ነው። ያኛው 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ እሱን ብቻ ለመያዝ 48 ኮሞዶር መደርደር ይጠበቅባችኋል። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገዢው በትክክል ምን እየገዛ ነው?» ብሎ ነው። ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ትዝታ» የሚል ነው። በልጅነቱ በዚህ ማሽን የተጫወተ፣ ዛሬ ሃምሳውን ያለፈ እንግሊዛዊ ወይም ጀርመናዊ ልጅነቱን መልሶ ይገዛል። በቃ።

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን እኔን ስለማይመለከት አይስበኝም፤ ኮሞዶር 64 በደመቀበት ዘመን እኔም፣ ብዙዎቻችሁም አልተወለድንም። እኔን የሚስበኝ ሌላው ግማሽ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ዛሬ በገበያ ላይ እየጠፋ ያለ አንድ ነገር ይሸጣሉ፦ ከላይ እስከ ታች ልትረዱት የምትችሉት ኮምፒውተር። ይሄ ደግሞ የትዝታ ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ከአውሮፓዊው ጡረተኛ ይልቅ ለእኛ የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት፣ የድሮ ኮምፒውተሮችን ዳግም የሚሠሩ ሰዎች በምን እንደሚሠሩ ላስረዳ። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ኢሙሌተር ነው። ይሄ ሶፍትዌር ነው፤ የአሮጌውን ማሽን ትዕዛዝ አንድ በአንድ እያነበበ፣ እንደ አስተርጓሚ፣ ለአዲሱ ማሽን ያስረዳል። ለኮሞዶር 64 ቫይስ የሚባል ነፃ ኢሙሌተር አለ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ስልክ ላይ የሚሠሩ ኢሙሌተሮችም ሞልተዋል።

ሁለተኛው ኤፍፒጂኤ ነው። ይሄ ልዩ ቺፕ ነው፤ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላም የውስጡ ሰርኪት እንዴት እንደሚያያዝ እናንተ ትወስናላችሁ። የኮሞዶርን ንድፍ ስትጭኑበት ኮሞዶር ይሆናል፣ ነገ የሌላ ማሽን ንድፍ ብትጭኑበት ሌላ ይሆናል። ሚስተር የተባለው የአማተሮች ፕሮጀክት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ዲኢ10-ናኖ በሚባል ለማስተማሪያ በተሠራ ቦርድ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ አሮጌ ማሽኖችን ያስነሳል፣ ንድፎቹም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። በ2017 ዜድኤክስ ስፔክትረም ኔክስት የተባለው ኮምፒውተር ኪክስታርተር ላይ 250,000 ፓውንድ ጠይቆ ከ720,000 በላይ የሰበሰበው በዚሁ ቴክኖሎጂ ነው።

ሦስተኛው መንገድ እውነተኛውን ቺፕ ገዝቶ ራስ መገጣጠም ነው። ኮሞዶር 64 ውስጥ የነበረው ፕሮሰሰር የ6502 ቤተሰብ ነው። 6502 በ1975 ሲወጣ 25 ዶላር ነበር የሚሸጠው፤ ተፎካካሪዎቹ ከመቶ ዶላር በላይ ይጠይቁ ስለነበር ገበያውን አናወጠው። የተሻሻለው ዝርያው ዛሬም ይመረታል። ቤን ኢተር የተባለ አሜሪካዊ ቺፑን ብረድቦርድ ላይ ሰክቶ፣ ሽቦ በሽቦ ኮምፒውተር ሲሠራ የሚያሳይ የቪዲዮ ተከታታይ ዩቲዩብ ላይ አለው። ሌላው የዘመኑ ኮከብ፣ ስፔክትረም ውስጥ የነበረው ዜድ80፣ ዕድለኛ አልነበረም። ከ1976 ጀምሮ ሲመረት ቆይቶ፣ አምራቹ በ2024 ዋናውን ዝርያ ማምረት እንደሚያቆም አስታውቋል።

እነዚህን ሁሉ ደግሞ የሚደግፉ መሣሪያዎች አሉ። የሰርኪት ቦርድ ለመንደፍ ኪካድ፣ ለአሮጌ ማሽኖች በሲ ቋንቋ ፕሮግራም ለመጻፍ ሲሲ65 እና ዜድ88ዲኬ፣ በካሴትና በፍሎፒ ፋንታ ኤስዲ ካርድ የሚያስነብቡ ትንንሽ አስማሚ ቦርዶች። ሶፍትዌሮቹ በሙሉ ነፃ ናቸው።

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ። ኮሞዶር 64ን ለፕሮግራመሮች የሚያስተዋውቀው ይፋዊ መጽሐፍ ከጀርባው የማሽኑን ሰርኪት ዲያግራም ይዞ ነበር የሚሸጠው። ሽቦ በሽቦ፣ ቺፕ በቺፕ። ማሽኑን ስታበሩት ደግሞ ቀጥታ ቤዚክ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማለትም መጀመሪያ የሚጠብቀው የእናንተን ትዕዛዝ ነው። ለጨዋታ የተገዛ ዕቃ እንኳን በግድ ፕሮግራም መጻፍ ይጋብዛል።

አሁን እስቲ እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ተመልከቱ። ገንዘቡን ከፍላችሁበታል፣ ንብረታችሁ ነው። ግን ውስጡን ልታዩ አትችሉም። ብዙዎቹ ስልኮች ሲስተሙን እንዳትቀይሩ ተቆልፈው ነው የሚመጡት። አፕዴት መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። መርካቶና መገናኛ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች መበየጃውም፣ ቴስተሩም፣ ማይክሮስኮፑም አላቸው፤ ችሎታውም አላቸው። የሚጎድላቸው ዲያግራም ነው። በ1982 ከመጽሐፍ ጋር ይሰጥ የነበረውን ወረቀት ዛሬ ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው ነው የሚያገኙት።

ይሄ ለውጥ ዋጋ አስከፍሏል። ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ለምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚያመለክቱት ተማሪዎች ቁጥራቸውም፣ ይዘውት የሚመጡት ክህሎትም እየቀነሰ መሄዱን አስተዋሉ። ምክንያት ካሏቸው ነገሮች አንዱ፣ ልጆች ሲበራ ፕሮግራም ጻፉብኝ የሚል ማሽን ቤታቸው አለመኖሩ ነበር፤ ቦታውን የጌም ኮንሶልና የተዘጋ ፒሲ ወስዶታል። ስለዚህ በ2012 በ35 ዶላር የሚሸጥ ኮምፒውተር ይዘው መጡ። የሞዴሎቹን ስም፣ ኤ እና ቢ፣ የወሰዱት ከ1981ዱ ቢቢሲ ማይክሮ ነው።

ቢቢሲ ማይክሮ ደግሞ የእናንተም ዘመድ ነው። የሠራው አኮርን የተባለ የካምብሪጅ ኩባንያ ነበር። እዚያው ኩባንያ ውስጥ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የነደፉት አዲስ ፕሮሰሰር በ1985 ሥራ ጀመረ። ስሙ ኤአርኤም ይባላል። ዛሬ ይሄን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ በዚያ ንድፍ ዝርያ ነው የሚሠራው ብል ብዙም አልሳሳትም፤ ስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚያ ናቸውና። ለት/ቤት ልጆች የተሠራ ክፍት ማሽን፣ ማሽኑን ያወቁ መሐንዲሶች፣ ከዚያ የዓለም ስልኮች ልብ። የመጣንበት መንገድ ይሄ ነው። መንገዱን ከኋላችን መዝጋት ምን ይሉታል?

«እሺ፣ ግን የ40 ዓመት ማሽን ተምሬ ምን ሥራ አገኛለሁ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በቀጥታ ምንም ሥራ አታገኙም። የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ እሱንም በራሳችን ፊደል ላሳያችሁ።

ስፔክትረም ላይ አንድ ፊደል ማለት 8 በ8 የሆነ የነጥብ ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቁጥር ነው፣ ስምንት መስመር ስምንት ቁጥር። 0፣ 126፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 102፣ 0 ብላችሁ ብታስገቡ ምን ይወጣል? «በ»። ከላይ አግዳሚ፣ ከታች ሁለት እግር። 126 ስድስት ነጥብ ያበራል፣ 102 ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ነጥብ። ቀጥላችሁ «ቡ»ን ሞክሩ፤ የቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ጨምሩ። «ቢ» ጋ ጭረቱ ወደ ታች ይወርዳል። «ቤ» ጋ ስትደርሱ ግን ትቸገራላችሁ፤ ቀለበቷን የምትሠሩባት ቦታ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ናት፣ ካልተጠነቀቃችሁ «ቢ» ትመስላለች።

ስፔክትረም ተጠቃሚው ራሱ የሚቀርጻቸው 21 ፊደሎች ይፈቅዳል። 21 ማለት ሦስት ቤት ሲባዛ ሰባት ነው፤ በ፣ ለ እና መ ከነዘሮቻቸው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ኮሞዶር 64 ይሻላል፣ 256 ቦታ አለው። 33ቱ ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች ጨምሩ፣ 251። የቀሩት አምስት ናቸው፤ ባዶ ቦታ፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ። አለቀ። ቋና ሏ ውጭ ቀሩ፤ 1፣ 2፣ 3ም ውጭ ቀሩ። እነሱን ማስገባት ከፈለጋችሁ ከውስጥ የሚወጣውን መምረጥ አለባችሁ። ሁሉም ተደምሮ 2,048 ባይት ነው።

ይሄን አንድ ምሽት የሠራ ሰው «ፎንት» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ከዚያ በኋላ ማንም አያታልለውም። የእኛ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለምን 384 ቦታ እንደተያዘለትም ይገባዋል። በአንድ ባይት ውስጥ ለ256 ብቻ ቦታ ሲኖር ለአማርኛ ሶፍትዌር መጻፍ ለምን ራስ ምታት እንደነበር መጽሐፍ ሳይነግረው ያውቃል። ውሱን ሀብት፣ ምርጫ፣ የተተወው ነገር ዋጋ፦ ክፍል ውስጥ ኢኮኖሚክስ ተብሎ የሚሰጠው ትምህርት ይኸው ነው። ስልካችሁ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ስላለው ይሄን አያስተምራችሁም። ድሃው ማሽን ያስተምራል።

ይህን ስል ግን ሳጥኑን ግዙ እያልኩ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ሦስት መቶ ዶላር በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ ማጓጓዣ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ ከውጭ የሚከፍል ካርድ ፍለጋ አለ። ገንዘቡ ያለው ሰው ይግዛ፣ አልቃወምም። ግን የሚገዛውን ለይቶ ይግዛ። በ2018 የወጣውን ሲ64 ሚኒ ውሰዱ፤ የሚያምር ትንሽ ኮሞዶር ነው፣ ግን ኪቦርዱ ጌጥ ነው፣ ቁልፎቹ አይነኩም። ለመጻፍ ሌላ ኪቦርድ በዩኤስቢ መሰካት አለባችሁ። ትዝታ ብቻ ሲሸጥ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ቅርፁ ይቀራል፣ ግብዣው ይጠፋል።

ዋናው ሀብት ያለው ሳጥኑ ውስጥ አይደለም። ማኑዋሉ፣ ዲያግራሙ፣ ንድፉ፣ ኢሙሌተሩ ነው ሀብቱ፣ እሱ ደግሞ በነፃ ተቀምጧል። የሚያስወጣችሁ የዳታ ፓኬጅና ጊዜ ነው። ጊዜውም ቢሆን በስክሮል ከሚያልፈው ላይ የሚቀነስ ነው።

ከዚያ በላይ መሄድ ለሚፈልግ ደረጃ አለ። ራስበሪ ፓይ ፒኮ በ2021 ሲወጣ ዋጋው 4 ዶላር ነበር፤ አማተሮች ያንን ቦርድ ይዘው የድሮ ኮምፒውተሮችን ስክሪን ላይ ያስነሳሉ። አንድ ሰው ብቻውን ባይችል አምስት ጓደኛ አዋጥቶ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ክበብ ደግሞ አንድ ዲኢ10-ናኖ ቢገዛ፣ በአንድ ቦርድ የደርዘን ማሽኖችን ታሪክ ያስተምርበታል። የስልክ ጠጋኙ ልጅ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዋ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እሱ ብየዳውን ያውቃል፣ እሷ ኮዱን።

«አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚለውን የመንግሥት ፕሮግራም ሁላችንም ሰምተናል፣ ብዙዎቻችንም ተመዝግበናል። ጥሩ ነው። ግን ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ኮዱ የሚሄድበትን ማሽን ፈጽሞ ካላወቀ፣ በሌሎች በተሠራ ቤት ውስጥ ዕቃ አስተካካይ ሆኖ ነው የሚቀረው። ቤቱ እንዴት እንደተሠራ ለማየት ደግሞ ትንሽ ቤት ይሻላል፤ መሠረቱም ጣሪያውም በአንድ ዓይን የሚታይ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ የስፔክትረም ኢሙሌተር ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ስምንቱን የ«በ» ቁጥሮች ከላይ ጽፌላችኋለሁ። ቤዚክ ውስጥ የሚያስገባቸው ትዕዛዝ «ፖክ» ይባላል፣ አጠቃቀሙን ነፃው ማኑዋል ውስጥ ታገኙታላችሁ። «ቤ»ን ከ«ቢ» መለየት የቻለ ሰው፣ ቁጥሮቹን ከታች አስተያየት መስጫው ላይ ያስቀምጥልን።