ሩጫውን የሚያሸንፈው እግር ነው ወይስ ጫማ?

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ኦሊምፒክን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ትዕግሥት አሰፋ ርቀቱን በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ፈጽማ የሴቶችን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ስታሻሽል፣ በእግሯ ያደረገችው ጫማ አንዱ የሚመዝነው 138 ግራም ብቻ ነበር። ዋጋው 500 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ አምራቹ እንደገለጸው የተሠራው ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት ልምምድ ነው። ውጤቱን ሁሉ ለጫማው መስጠት የአትሌቷን ልፋት መካድ ይሆናል፤ ጫማው ምንም አልረዳም ማለት ደግሞ ፊዚክስን መካድ ነው።

የሯጭ እግር መሬት በነካ ቁጥር ሶሉ ይጨመቃል፤ ሲለቀቅም ከተቀበለው ጉልበት ከፊሉን ይመልሳል፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የበቃው የናይኪ ጫማ ናሙና በቤተ ሙከራ ሲለካ 87 ከመቶ ያህሉን መልሷል፤ ለንጽጽር ከቀረቡት አንዱ የመለሰው 76 ከመቶ ገደማ ነበር። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 18 ሯጮችን በመሮጫ ማሽን ላይ አሩጠው (ጥናቱን ኩባንያው ራሱ መደገፉን ልብ ይሏል) የጉልበት ወጪያቸው በአማካይ በ4 ከመቶ መቀነሱን አሳዩ። ፍጥነት ግን በዚያው ልክ አይጨምርም፤ የአየር ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር እየበረታ ይሄዳልና።

አማካዩን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚያሳስበኝ በሯጮቹ መካከል የታየው ልዩነት ነው፤ አንዱ 2 ከመቶ ገደማ ሲቆጥብ ሌላው ከ6 ከመቶ በላይ ቆጥቧል። እኩል ዐቅም ያላቸው ሁለት አትሌቶች አንድ ዓይነት ጫማ ቢያደርጉ እንኳ እኩል አይጠቀሙም ማለት ነው። ወደፊት ጫማ ለእያንዳንዱ አትሌት እግርና አረጋገጥ በኮምፒዩተር ተነድፎ ሲሠራ ይህ ክፍተት ሊጠብ ይችላል። ለማን? ኩባንያ ስፖንሰር ላደረገው። በቆጂ ላይ ስሙ ገና ያልተሰማ ወጣት ግን ማጣሪያውን በተራ ጫማ ሮጦ በ1 ከመቶ ቢቀደም፣ ተሰጥኦ የለውም ተብሎ ይቀራል።

የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር ደነገገ። ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ. በ2021 የቪየናን ማራቶን በ3 ሰከንድ ብልጫ አሸንፎ ውጤቱ የተሰረዘው ሶሉ 1 ሴንቲ ሜትር በልጦ በመገኘቱ ነው። ሕግ ሕግ ነው፤ ይሁንና ውፍረት የተመረጠው ለማስመሪያ ስለሚመች ይመስለኛል። በዚያው 40 ሚሊ ሜትር ውስጥ ፎሙ የሚመልሰው ጉልበት ሊያድግ ይችላልና። የውሃ ዋና እ.ኤ.አ. በ2009 የሮም ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ከተሰበሩ በኋላ የፖሊዩሬቴን ልብሶችን ከ2010 ጀምሮ አግዷል። ለልብሱ ቁስ ገደብ ከተበጀለት፣ ለፎምም የሚመለስ ጉልበት ጣሪያ ማበጀት ይቻላል።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ሶሉን የሚጫንና የሚለቅ፣ ኃይሉንና የመጨመቁን መጠን የሚመዘግብ ማሽን ይበቃል፤ በግራፉ ላይ በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚታየው ስፋት የጠፋው ጉልበት ነው። ይህን ማስላት ለአንድ የፊዚክስ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ይሆናል፤ በአገር ውስጥ ማጣሪያዎች ላይ አትሌቶቻችን ከሚያደርጓቸው ጫማዎች መጀመርም ይቻላል።