ስድብ ያልቻለው ንጉሥ

በቀደም ማታ በመኝታ ቤታችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። ክርክሩ ስለ ፈተናም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥም አልነበረም፤ በዚህ ዓለም ከቶ ኖሮ ስለማያውቅ አንድ ንጉሥ ነበር። ንጉሡ ኤአርኑር ይባላል። የኦክስፎርድ መምህር የነበሩት ቶልኪን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ባሳተሙት «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው ትልቅ ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ፥ የነገሥታቱን ታሪክ ባጭሩ ሲያወጉ ያነሡታል። አገሩ ጎንዶር ነው፤ ስሙ ጎንደርን ቢመስልም ደራሲው በአሳባቸው የፈጠሩት አገር ነው።

ጓደኛዬ «ኤአርኑር ጀግና ነው» ይላል። እኔ ግን አደራውን ጥሎ የሄደ ሰው ነው እላለሁ። ታሪኩን ላስቀድምና አንባቢ ይፍረደን።

ኤአርኑር ከአባቱ ከንጉሥ ኤአርኒል ጀግንነቱን እንጂ ብልኀቱን አልወረሰም። ደስታው ሁሉ በጦር ሜዳና በውጊያ ልምምድ ስለ ነበረ ሚስት እንኳ አላገባም። አልጋ ወራሽ ሳለ፥ በመጽሐፉ አቆጣጠር በሦስተኛው ዘመን በ1975፥ ብዙ መርከብና ሠራዊት ይዞ ወደ ሰሜን ዘመተና የጠንቋዩን ንጉሥ ጦር ከሌሎች ጋር ሁኖ ደመሰሰ። ይህን ክብር ማንም አይነሣውም። ዳሩ ግን በዚያው ዕለት ጠንቋዩ ንጉሥ ራሱ እየጋለበ ሲመጣበት፥ ኤአርኑር ሊገጥመው ቢፈልግም ፈረሱ ደንብሮ ይዞት ሸሸ። ጠላትም ሳቀበት። በኋላ ተመልሶ ሊያሳድደው ሲነሣ፥ ግሎርፊንደል የተባለው የኤልፎች አለቃ ከለከለው፤ የዚያ ጠላት ፍጻሜ ገና ሩቅ እንደ ሆነና በወንድ እጅም እንደማይወድቅ ነገረው። ብዙዎች ይህን ቃል በልባቸው ያዙት። ኤአርኑር የያዘው ግን ሳቁን ነው።

በ2043 ነገሠ። ጠንቋዩ ንጉሥም ቀድሞ የጎንዶር ከተማ በነበረችው፥ በ2002 ግን በጠላት እጅ በወደቀችው በሚናስ ሞርጉል ተቀምጦ፥ በሰሜኑ ጦርነት ከፊቴ መቆም አልደፈረም እያለ ሰደበው፤ አንድ ለአንድ ይግጠመኝ ብሎም ላከበት። በዚያን ጊዜ እንደራሴው ማርዲል የንጉሡን ቁጣ አበረደ። በሰባተኛው ዓመት፥ በ2050፥ ስድቡ ተደገመ፤ በወጣትነቱ ፍርሀት ላይ አሁን እርጅና ተጨምሮበታል ተባለ። ማርዲል ሊይዘው አልቻለም። ንጉሡ ጥቂት ፈረሰኞች አስከትሎ ወደ ሚናስ ሞርጉል በር ሄደ። ከሄዱትም ስለ አንዱ እንኳ ወሬ አልተሰማም።

የጓደኛዬ ክርክር እንዲህ ነው። የንጉሥ ክብር የአገር ክብር ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰድቦ ከአዳራሹ የተቀመጠ ንጉሥ ነገ ሠራዊቱን በምን አፉ ያዝዛል? ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በፉከራና በሽለላ ላደግን ለእኛማ ልብ ይነካል። ነገር ግን በስድቡ ጎንዶር ከመሬቷ አንድ ክንድ እንኳ አላጣችም። ያጣችው በመልሱ ነው። ጠላት በጦር ያላገኘውን ንጉሥ በቃል ብቻ ከደጁ ድረስ አስመጣው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መሞቱ አይደለም፤ ነገሩን ሳይቋጭ መሄዱ ነው። ወራሽ የለውም። መሞቱን ያየ ምስክር የለምና ሞተ ብሎ ሌላ ማንገሥ አልተቻለም። ሁሉ የሚስማማበት ባለ መብት አልተገኘም፤ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት አገሪቱን የጎዳው የዘመዳሞች ጦርነት እንዳይደገምም ሁሉ ፈራ። ስለዚህ ማርዲል በጠፋው ንጉሥ ስም ማስተዳደር ጀመረ። ንጉሡ እስኪመለስ የተባለው ነገር 969 ዓመት ቆየ፤ ሃያ ስድስት እንደራሴዎች ተፈራረቁበት። እነርሱም ዘውድ ሳይጭኑ፥ ባዶ ከሆነው ዙፋን ደረጃ ሥር በጥቁር ወንበር ተቀምጠው ገዙ። አገሪቱ የቆመችው በኤአርኑር ሰይፍ ሳይሆን በእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ለማርዲል የሚዘፍን ግን የለም።

ይህ ሁሉ ተረት ነው የሚል ቢኖር ከተማሪ ቤት አንድ ምሳሌ ልጨምር። አባል በሆንሁበት በአንድ ትንሽ ማኅበር ሊቀ መንበሩ በስብሰባ መካከል ተዘለፈና ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ማኅተሙ በኪሱ ነበር። ሥልጣኑን አልለቀቀም፤ አልተመለሰምም። ምክትሉ «እስኪመለስ እንጠብቅ» እያለ ዓመቱ አለቀ፤ ማኅተም ያረፈበት አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳንልክ ተበተንን። ልጁን በመንገድ ሳገኘው ዛሬም የሚያወራኝ ስለ ተነካው ክብሩ ነው። እኛ የቀረብን ሥራ ትዝ አይለውም።

እኔ በበኩሌ ስድብ አይመም አልልም። ተራ ሰው ሲሰደብ መልሱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ቢወድቅም የሚወድቀው ብቻውን ነው። የሰው አደራ የተሸከመ ግን ቁጣው እንኳ የራሱ ብቻ አይደለም። መሄድ ካለበት ይሂድ፤ አስቀድሞ ግን ተተኪውን ያሳውቅ፥ ማኅተሙንም በጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥ። ኤአርኑር ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ እኔም ከጓደኛዬ ጋር ጀግና ባልሁት።

ጓደኛዬ እስከ አሁን አልተረታሁም ይላል። እንግዲያስ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍ፤ ስድብ ቢጨምርበትም እችላለሁ።